ስንት ወገን ይበቃል?

የእኛን ጨዋታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያደክመኛል። ደንበኞቼ በሱቁ መስኮት ያዩናል፤ አራት ትልልቅ ሰዎች በመጋረጃ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ዙሪያ ተቀምጠን አንዳችን "ወንዙን ልሻገር ነው" ስንል ሌላው "ተው አንተ፣ ድልድዩ ተሰብሯል!" እያለ ይጮኻል። "ምን ሆናችሁ ነው?" ይሉኛል ሰኞ ሲመጡ። ምን እንሁን? እሁድ ከሰዓት ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው፣ እንጫወታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ የፈጠረው አንድ ዓለም አለ። እኛ በዚያ ዓለም ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ ፍጡር እንሆናለን። እሱ "ጫካ ገብታችኋል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይለናል። የምናደርገውን እንነግረዋለን፤ ይሳካልን አይሳካልን እንደሆነ ደግሞ ቁጥር የተቀረጸባቸው ትንንሽ እንጨቶች ጥለን እናያለን። እንጨቶቹን ጠጠር እንላቸዋለን። በቃ፣ ይኸው ነው። ሥራ ፈት የሚለን ይበል።

ወንድሜን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው፤ እኔ ታላቄ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ከእኔ ሰምተው። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ቀያሽ ነበር። በሰው አጥር መሃል ሜትር ሲዘረጋ፣ ለአንድ ክንድ መሬት የሚተናነቁ ጎረቤታሞችን ሲገላግል ኖሮ ጡረታ ወጣ። የፈጠረውም ዓለም እንደ ሥራው ነው፤ ወንዙ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ፣ የማን ግዛት የት እንደሚያልቅ ልቅም ብሎ የታወቀ። ታዲያ ከዚህ ሁሉ አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈችም። ካርታ የለንም፣ ማስታወሻ የለንም። የጠረጴዛችን ሕግ ነው። ጋሼ ወረቀት ሲሞላ ስለኖረ ወረቀት አንገሽግሾታል፤ "ያልታወሰ አልሆነም" ይላል። የት ድረስ እንደሄድን፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ፣ የትኛው ድንጋይ ሥር ምን እንደቀበርን የሚያስታውሰው እሱ ነው። እኛ ስንዘነጋ ይስቅብን ነበር።

ሌላም ሕግ አለን። አዲስ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ አንድ ወገን ይዞ ይመጣል። ወገን የምንለው የዚያን ዓለም ሕዝብ ነው፤ ተጫዋቹ መርጦ የሚሆነው። ሾፌሩ ሲመጣ ክንዴዎችን አመጣ፤ ቁመታቸው አንድ ክንድ፣ በዋጋ ክርክር የሚረታቸው የሌለ ነጋዴዎች። እሱ ራሱ እኮ በሬን ጎንበስ ሳይል የማይገባ ረጅም ሰውዬ ነው። ፋርማሲስቷ ጭጋጎችን አመጣች፤ አካል የሌላቸው፣ በውሰት ካፖርት የሚንቀሳቀሱ። እኔ ቀለሞችን አመጣሁ። የልባቸው ስሜት ቆዳቸው ላይ በቀለም ስለሚወጣ መዋሸት አይችሉም፤ ከደንበኛ ጋር ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ወገን ዕረፍት ነው። መጥተው የሄዱም ሰዎች አሉ፤ ባለ ላባዎቹን፣ ከድንጋይ የተወለዱትን፣ ሁሉንም ትተውልን ነው የሄዱት።

ባለበሮች ግን የእትዬ ናቸው። እትዬ የጋሼ ሚስት ናት፤ ነበረች ማለት እስከዛሬ ምላሴ ላይ ይከብደኛል። ሁለቱ ተጋብተው ቤት እስኪሠሩ ድረስ አከራይ ፊቱን ባጠቆረ ቁጥር ዕቃቸውን ሲሸክፉ ነው የኖሩት። ተራዋ ሲደርስ "የእኔ ወገኖች በራቸውን ጀርባቸው ላይ ተሸክመው ይሄዳሉ" አለች። በሩን ያቆሙበት ቦታ ቤታቸው ነው። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ። በራቸው ሲንኳኳ ማነው ብለው አይጠይቁም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ይከፍታሉ፣ ያስገባሉ፣ ያስቀምጣሉ። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው ስሙ የሚጠየቀው።

"ለምን እንዲህ ሆነ?" አልናት።

"ስሜን ተናግሬ ሳይከፈትልኝ የቀረ በር ስንት ነው መሰላችሁ" አለች። ስቃ ነው ያለችው።

እትዬ ካረፈች ወዲህ ባለበር የሆነ ተጫዋች የለም። ጋሼ ግን በሄድንበት ሁሉ፣ ገደል አፋፍ ላይም ይሁን ገበያ መሃል፣ ብቻውን የቆመ አንድ በር ያሳየን ነበር። ማናችንም አንኳኩተን አናውቅም። ዝም ብለን እናልፈዋለን።

ያን እሁድ ጋሼ የጠጠሮቹን ከረጢት ሳይፈታ "ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ወገን ብቻ ነው የሚኖረው" አለ።

ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። "ዕድለኞቹ እነማን ናቸው?"

"ሰዎች፣ ቀለሞች፣ ጭጋጎች።"

"ክንዴዎችስ?"

"አይኖሩም።"

"እንዴት ነው የማይኖሩት? ይኸን ሁሉ ዘመን ክንዴ ሆኜ ኖሬ አሁን ሰው ሁን ልትለኝ ነው?"

"ሰው መሆን ምን ነውር አለው?" አለች ፋርማሲስቷ።

"ሰውማ ሳምንቱን ሙሉ ነኝ!"

ጋሼ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ድንበርተኞችን ሊያስማማ ሲል እንዲህ ነበር የሚያደርገው። "ስሙኝማ። ወገን ሲበዛ ዓለሙ ይሳሳል። አንዱ ባለ ላባ፣ አንዱ ባለ ቅርፊት፤ ሁሉም ለጉድ ታይቶ ያልፋል እንጂ በቅጡ ሳይታወቅ ይቀራል። ሦስት ከሆኑ ግን እንዴት እንደሚጋቡ፣ በምን እንደሚጣሉ፣ ሙታናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠንቅቀን እናውቃለን።"

"አሁንስ መቼ አጣነው?" አልኩ። "ሁሉንም ታውቀው የለ?"

የከረጢቱን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገ።

"ባለበሮችስ?" አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። "እነሱም አይኖሩም" አለ።

ደሜ ፈላ። የእትዬን ነገር እንደ ብጣሽ ክር በጥሶ ሲጥለው ማየት አልቻልኩም። በእጄ የያዝኩትን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ተነሳሁ፤ የዚያን ቀን ጨዋታ ሳይጀመር ተበተንን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ትዝ ሲሉኝ ያንገበግቡኛል። ስንት ወገን ይበቃል ብለን ስንከራከር ከረምን። ሾፌሩ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ይደውልልኝና "ሰባት ብንለውስ?" ይለኛል፤ ከኋላው ጡሩምባ ይሰማል። ፋርማሲስቷ አምስት ነው ልኩ ትላለች፤ ከዚያ ካለፈ ሰው አይለያቸውም፣ እንደ ሳል ሽሮፕ ይመሳሰሉበታል። እኔ ደግሞ የመጣ ሁሉ ይኑር ባይ ነኝ። ሰው ያመጣውን ከዓለም አስወጡ ብሎ ማን ሾመን? አቤት ክርክር፣ አቤት ጭቅጭቅ! ጋሼ ከፊታችን እያለቀ እኛ ቁጥር እንቆጥራለን።

ምልክቱ አልታየንም አይደለም። አንድ እሁድ የተሰበረውን ድልድይ አሻገረን። ሾፌሩ "ተሰብሯል እኮ" ሲለው ትንሽ አሰበና "ተጠገነ" አለ። እኛም ደስ አለን፤ መንገድ አጠረልን።

አንድ ሮብ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ልጣላው ቤቱ ሄድኩ። ከትራፊ ጨርቆቼ በየዓይነቱ ቆራርጬ በፌስታል ይዣለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ "ሦስቱን ብቻ ያዥና ሌላውን ጣይ ብትለኝ ምን ልሰፋ ነው?" ልለው ነው። መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ሳሳምር ነበር። በጣም የሚያሳምን መስሎኝ ነበር።

ከፈተልኝ። ቤቱ እንደወትሮው የተጠረገ ነው፤ እትዬ የሰፋችው የወንበር ልብስ እንኳ በቦታው አለ። ውሃ ልጠጣ ወደ ኩሽና ስገባ ግን ክው አልኩ። ቁም ሳጥኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። "ብርጭቆ" ይላል። ሌላው ላይ "ስኳር"። ምድጃው ላይ "ዝጋው"። በቀያሽ እጅ፣ ፊደሉ ቀጥ ቀጥ ያለ። ወረቀት ካየ የሚያንገሸግሸው ወንድሜ ቤቱን በወረቀት ሞልቶታል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ተቀመጪ" አለኝ።

ተቀመጥኩ።

"ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ" አለ። "የሚመለስ አይደለም ብለውኛል። እየቀነሰ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።"

"ምኑ?"

"እኔ።"

"ለምን አልነገርከንም?" አልኩ፤ ቁጣ ቁጣ እያለኝ።

"ምን ልበል? ዓለሙን መሸከም አቃተኝ ልበላችሁ? ሦስት ብቻ ከሆኑ እችላለሁ አልኩ። ጠዋት ስነሳ ሦስቱን እየጠራሁ አጠናቸዋለሁ። ሁሉንም ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ክንዴዎች ረጃጅም ናቸው ወይስ አጫጭር ብዬ ራሴን ስጠይቅ ደነገጥኩ።"

"ባለበሮችንስ? የእሷን እንዴት አስቻለህ?"

እጁን ጉልበቱ ላይ አሸ። "ባለፈው በሩን ላሳያችሁ ስል፣ ወዴት እንደሚከፈት ጠፋኝ። ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ። ነግራኝ ነበር እኮ! ነግራኝ ነበር። ሳበላሽባት ከምኖር እንዳማረባቸው ይሂዱ ብዬ ነው።"

ይህ ሰው ሚስቱን ሁለተኛ ጊዜ ሊቀብር ተነስቶ እኔ በጨርቅ ቁርጥራጭ ልረታው መጥቻለሁ።

"ወደ ውስጥ ነው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እኔ ፊት ነው የተናገረችው።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸሁት። እትዬ ስለዚህ ነገር ትናገር አትናገር አላውቅም። እሱ ግን በረጅሙ ተነፈሰ። "ወደ ውስጥ" አለ። "አዎ፤ ደጅ የቆመውን ሰው ወደ ኋላ እንዳይገፋው። እሷው ናት።"

"እንግዲያው አይሄዱም። ሦስት ካልክ ሦስት ይሁን፤ ቀለሞችን አስወጣና እነሱን አስገባ።"

"ቀለሞች ያንቺ ናቸው።"

"ታዲያ? የራሴን ነው የምሰጥህ እንጂ የሰው አልሰጠሁህ።"

ፌስታሌን ሳልከፍተው ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ሰው ዞር ብሎ እያየኝ አለቀስኩ፣ ምንም አልመሰለኝም።

ለሾፌሩና ለፋርማሲስቷ በማግስቱ ነገርኳቸው። ፋርማሲስቷ ጠርጥራ እንደነበር አመነች፤ ጋሼ አንዱን መድኃኒት በአንድ ቀን ሁለቴ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ሾፌሩ በስልክ እየሰማኝ መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማኝ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" ስል "አለሁ" አለ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

እሁድ ሲደርስ ከሁላችን ቀድሞ የተገኘው እሱ ነው። ጋሼ ገና ሳይቀመጥ "ጋሼ፣ ክንዴዎች ትልቅ ስብሰባ አድርገው ነበር" አለ።

"ስለምን?"

"በዚህ ዓለም ንግድ ቀዝቅዟል አሉ። ከባሕሩ ማዶ ሊሻገሩ መርከብ ተኮናትረዋል።"

ጋሼ ዓይኑን ሾፌሩ ላይ ተክሎ ቆየ። የገባው ይመስለኛል። "በዋጋው አልተከራከሩም?" አለ።

"አልተከራከሩም ትላለህ! ካፒቴኑን አስቀነሱት፣ አስቀነሱት፣ በመጨረሻ ራሱ ሊከፍላቸው ምንም አልቀረው። መርከቧ ከወደቡ ስትርቅ ሁላ 'ቆይ፣ ገና አልተስማማንም!' እያሉ ሲጮኹ ይሰማ ነበር።"

ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ፤ ከዚያ "አንዴ ሲጋራ ላጭስ" ብሎ ወጣ። ሾፌሩ ሲጋራ አያጨስም። በመስኮቱ አየሁት፤ ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆሟል።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ቀለሞች በተራራው በኩል ተሰልፈው ሄዱ አልኩ። ጋሼ "ሲሄዱ ምን ቀለም ነበሩ?" ብሎ ጠየቀኝ። ደማቅ፣ የሚያበራ፣ የሚያምር ብዬ ልሸልማቸው ፈልጌ ነበር። ግን ቀለሞች አይዋሹም። "አመድማ" አልኩት።

ለጥቂት ጊዜ ሦስቱ፣ ሰዎች፣ ጭጋጎችና ባለበሮች፣ በቁት፤ ከዚያ ሦስቱም በዙበት። ፋርማሲስቷ ጭጋጎቿን ሰበሰበች፤ የተዋሱትን ካፖርት እያጣጠፉ ለየባለቤቱ መልሰው ንፋስ ሆነው ሄዱ አለች፣ አንዱም ቁልፍ ሳይጎድል። "ሰዎችስ?" ስንለው ጋሼ እጁን አወናጨፈ። "ሰዎችማ እዚሁ ሞልተን የለ እንዴ" አለ። ስለዚህ አንድ ወገን ቀረ። ሁላችንም ባለበሮች ሆንን።

እነዚያን ወራት በሌላ በምንም አልለውጣቸውም። አራት ሰዎች በራችንን ተሸክመን ባዶ ዓለም ውስጥ እንዞራለን። በየደረስንበት በር እናቆማለን፣ እርስ በርሳችን እናንኳኳለን፣ እንከፋፈታለን። ሾፌሩ በሩ ራሱን እንደሚገጨው ሁልጊዜ ያማርር ነበር። ጋሼ ደስ ይለው ነበር። ደግሞ ደጋግሞ ያንኑ ጫካ ያስገባናል፤ "ጭስ ጭስ ይሸታል" ይለናል፤ እኛም በየሳምንቱ አዲስ እንደሆነ ሁሉ አፍንጫችንን እናነሳለን። ሕግ ያፈረሰ የለም፤ ማናችንም ምንም አልጻፍንም። እሱ ሲጥለው እኛ እያነሳን ነው የሄድነው።

ከዚያ ጫካውም ጠፋው። ጠጠሮቹን መዳፉ ላይ ይዞ ምን እንደሆኑ ይጠይቀን ጀመር። ምድጃውን ከፍቶት የወጣ ቀን ከቤቱ አምጥቼ ከሱቁ ኋላ ያለውን ክፍል ሰጠሁት። የወንበሩን ልብስም አመጣሁለት። ሾፌሩና ፋርማሲስቷ እሁድ እሁድ መምጣታቸውን አልተዉም። ስለ ዓለሙ አናወራም፤ ስለ ትራፊክ፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ ጉንፋን እናወራለን። እሱ የጨርቅ መለኪያ ሜትሬን ይዞ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይለካል። ልኩን አይነግረንም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃ ላደርስ ወጣሁ። መሰላል ላይ ወጥቼ ስሰቅል ቆይቼ፣ ደክሞኝ፣ ትከሻዬ እየነደደ ተመለስኩ። ቁልፌን ውስጥ ረስቼዋለሁ። በጓሮ በር ዞሬ አንኳኳሁ፤ ማነው እስኪለኝ "እኔ ነኝ" ልል አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ።

አልጠየቀም። በሩን ወደ ውስጥ ከፈተው።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አለ። "ደጅ አይቁሙ።"

እጄን ይዞ ያሳደገኝ ሰው እኔን ነው ይግቡ የሚለው። በዓይኑ ፊቴን ፈለገና አጣው። አልተሳቀቀም፤ እንግዳ መጥቶበት ደስ ያለው ሰው ነበር የሚመስለው። ከትከሻዬ ላይ የተረፈኝን የመጋረጃ ብረት ተቀበለኝ፣ ግድግዳው ላይ በጥንቃቄ አስደገፈው። ከዚያ ወንበሩን ሳበ፤ የእትዬን ጨርቅ በመዳፉ ጠራርጎ አስተካከለው። አስገብቶኛል። የቀረው ማስቀመጥ ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው ስሙ የሚጠየቀው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶት ይቺን አልጠፋችውም።

"ይቀመጡ እንጂ" አለኝ። "ደክሞዎታል።"

ደክሞኝ ነበር። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞልኝ፣ ስሜን ሊጠይቀኝ በትዕግሥት እየጠበቀ ቆመ።

እኔም ቆምኩ። አልተቀመጥኩም።